ለቅሶ ቤት አይቆጠርም

ሐዋሳ፣ ቱላ
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሄራን፣

የሰማዩ ጌታ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ብርዱን ያቅልልሽ፤ ከክፉ ሰውና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ሐይቁም በቦታው አለ።

ሰላምታው እዚህ ላይ አበቃ፤ ከዚህ በኋላ ክስ ነው። የላክሽልኝን ብርቱካናማ ሰደርያ ማን እንደመረጠው ንገሪኝ። «ለመስክ ሥራ ነው፤ ከሩቅ እንዲታዩ» ብለሻል። ታየሁ! ቱላ ገበያ ላይ ብቅ ከማለቴ አንዱ ነጋዴ ደንብ አስከባሪ መስዬው ሸራውን ጠቅልሎ ሮጠ። አንዲት ሴት ደግሞ እጄን ይዛ፣ አስፋልቱ እኛ ሰፈር የሚደርሰው መቼ ነው ብላ አለቅም አለችኝ። «በቅርቡ» አልኳት። ምን ላድርግ፣ ይህን ሰደርያ የለበሰ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ዓሣ ገበያ በኩል ሳልፍ አባ ኮዳ ወፎቹ ሳይቀሩ መንገድ ለቀቁልኝ። ዕድሜ ልኬን ሬድዮ ስጠግን ያላገኘሁትን ክብር በአንድ ጨርቅ አገኘሁ። እንግዲህ አቤቱታዬ ይህ ነው፦ ሱሪውን ለምን አብረሽ አልላክሽም?

ወደ ሥራሽ ልምጣ። እንዳዘዝሽኝ ስልኩን ይዤ ጎርቤ ኮረብታ ወጣሁ። ደኑ ዳር ያሉትን ቤቶች እየዞርኩ፣ በየበሩ ቆሜ ስልኩ ካርታ ላይ ነጥብ አስቀመጥኩ። ሰዎቹ ምን እንደማደርግ ሲጠይቁኝ አንቺ እንዳስረዳሽኝ አስረዳኋቸው፦ ለጉሬዛዎቹ ደን የሚከለልበት ዕቅድ ወጥቷል፤ ቀይ መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ ውስጥ ሰው አይኖርም፤ መስመሩ ትክክል መሆን አለመሆኑን የእህቴ ልጅ ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ትመረምራለች፤ ቤታችሁ ግን ዛፍ ሥር ስለተደበቀ ለእሷ አይታያትም፤ እኔ በእግሬ ላሳያት መጣሁ። አንድ ሽማግሌ «ከሰማይ የሚያየንስ እግዚአብሔር ነበር፤ ቦታውን ለእህትህ ልጅ የለቀቀላት መቼ ነው?» አሉኝ። መልስ ካለሽ ላኪልኝ።

ነጥቦቹ ደርሰውሻል። አንድ ቤት ግን ይጎድላል፤ ሳልነግርሽ አላልፍም። እትዬ ገበያነሽ ዘንድ ስደርስ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፤ ሰደርያውንም አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ልጇን ክብሩን ውሃ ከበላው ገና ዓመት አልሞላም። እናቱ፣ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ከአጥሬ አልወጣም እንዳለች ናት። ልጇ ጓሮ ነው የተኛው፤ ከዝግባው ሥር፣ ከአባቱ ከወንድሜ ከተፈራ ጎን። የእኛን ሰፈር ወግ ታውቂዋለሽ፦ ለቅሶ ቤት ዓመቱ ሳይወጣ አይቆጠርም። ቆጥረህ ከሆነ ሞትን «ቀጥል» ብለኸዋል ይላሉ። ፓስተራችን ይህ የድሮ ነገር ነው ብለው ይቆጣሉ፤ ነገር ግን እሳቸውም ለቅሶ ቤት ወንበር ሲያስደረድሩ ቆጥረው አያውቁም፤ «በርከት አድርጉት» ነው የሚሉት። እኔም አልቆጠርኩም። ተቀምጬ የተቀቀለ በቆሎ በላሁ፤ ስለ ክብሩ አወራን፤ ወጣሁ። መሣሪያሽ ቢቀየመኝ ይቀየመኝ።

አጎትሽ ፍቅሬ፣
በሰደርያ የተከበረው


ኔዘርላንድ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት ለጋሼ ፍቅሬ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ጨዋታዎን አይንጠቅብኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ገና የከሰዓት ሻዬን ሳልጠጣ ይጨልማል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ ደህና መሆኔን መጥቶ ጠየቀኝ። ሱሪው ይላካል።

ነጥቦቹ ብዙ ረድተውኛል። ምን እንደማይ ላስረዳዎት። በሳተላይቱ ምስል ላይ መሬቱ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን እያየ ይህ ደን ነው፣ ይህ እርሻ ነው፣ ይህ ቤት ነው እያለ ቀለም ይቀባል። የእኛ አገር ግቢ ግን ያታልለዋል። ቤቱን እንሰቱ ከብቦታል፣ ከእንሰቱ በላይ ዋንዛው አለ፣ ከዋንዛው በላይ ዝግባው። ኮምፒውተሩ የሚያየው ቅጠል ብቻ ስለሆነ ደን ይላል። የእርስዎ እግር ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አገኘሁ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ነው የሚሄደው፤ መሬት ወርዶ ሜዳ ማቋረጥ ይፈራል። የጎርቤ ላይኛው ደንና ታችኛው ደን ደግሞ ተለያይተዋል። የሚያገናኛቸው አንድ ቀጭን አረንጓዴ ብቻ ነው። እሱ ከተቆረጠ ታች ያሉት ጉሬዛዎች እዚያው ተዘግተው ያልቃሉ። ዕቅዱ ይህን ቦታ ዘንግቶት ነበር፤ ዋጋውን በምርመራዬ አሳይቻለሁ። ጋሼ፣ ያ አረንጓዴ የእትዬ ገበያነሽ ጓሮ ነው! አጎቴ ተፈራ የተከሉት ዋንዛ ነው። ክብሩና እኔ እዚያ ላይ ተሰቅለን ጉሬዛዎቹን ስንሳደብ እንውል አልነበር? ምስሉ ላይ ሳውቀው አለቀስኩ።

ስለ ጎደለው ነጥብ አያስቡ። ደግ አደረጉ። እኔ ራሴ እዚህ ሆኜ ልጨምረው እችል ነበር፤ የኮምፒውተሩን ቀስት ዝግባው ላይ አድርጌ ወጉን አሰብኩና ተውኩት። ሥራዬን የማስረክበው ሐምሌ ነው፤ የክብሩ ዓመት ሰኔ ላይ ይወጣል። ያኔ እንጨምረዋለን።

ልጅዎ ሄራን


ሐዋሳ፣ ቱላ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሄራን፣

እግዚአብሔር ያሰብሽውን ይሙላልሽ፤ ቀን የወጣለት ሰው ያድርግሽ። ሱሪው ደርሷል፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሙሉ ልብሱን ለብሼ መሃል ከተማ ወዳለው ሱቄ ብሄድ አንድ ባጃጅ ሳላስቆመው ቆመና መንጃ ፈቃዱን አወጣልኝ። አገላብጬ አይቼ «መልካም ነው» ብዬ መለስኩለት።

ጎርቤ ላይ ደግሞ በነጥብ የተነሳ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ። ነጥብ የሌለው ቤት ኋላ ይቸገራል የሚል ወሬ ተነስቶ፣ ይልማ፣ ያ ጨቅጫቃው ይልማ፣ «ለዶሮ ቤቴም ነጥብ ስጠኝ» ብሎ መንገድ ዘጋብኝ። «ዶሮዎችህ ስንት ቤተሰብ ናቸው?» ብዬ ብጠይቀው «ባልና ሚስት ናቸው፤ አውራው ግን አይታመንም» አለኝ። ይህን የመሰለ መልስ የሰጠን ሰው እንዴት ባዶ እጁን ልሸኘው? ነጥቡን ሰጠሁት። ባለፈው ሳምንት የላክሁልሽ ትርፍ ነጥብ እሱ ነው፤ ሰርዢው ወይም ለአውራ ዶሮው ስትዪ ተዪው።

ስለ ቀጭኑ አረንጓዴ ለእትዬ ገበያነሽ ነገርኳት። «ጓሮሽ የጉሬዛ አስፋልት ሆኗል» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ኬላ አልዘረጋም?» አለች።

ሄራን፣ ከቀብሩ ወዲህ ስትቀልድ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ኋላም «ከሰማይ ሲያዩት ዝግባው ምን ይመስላል? መቃብሩስ ይታያል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዛፉ ሸፍኖታል፣ አይታይም አልኳት። «ይሸፍነው። ፎቶውን ግን ትላክልኝ። ክብሩን ከላይ ያለው እንዴት እንደሚያየው ልየው።»

በወረቀት አሳትሜ እወስድላታለሁና ምስሉን በቶሎ ላኪልኝ። ከአንቺ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

አጎትሽ ፍቅሬ


ኔዘርላንድ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ፍቅሬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ምስሉን ለጊዜው መላክ አልቻልኩም። በባንክ ትንሽ ነገር ልኬያለሁ፤ ለእትዬ ገበያነሽ ይስጡልኝ። ከእኔ ነው ባይሏቸውም ግድ የለም።

ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት። ለቤታቸው የመሬት ወረቀት አላቸው? አጎቴ ተፈራ ያስወጡት ነገር ነበር? ግብር የሚከፍሉበት ደረሰኝስ? ሰሞኑንስ ወደ ጎርቤ የወጣ እንግዳ ሰው አለ?

እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ሄራን


ሐዋሳ፣ ቱላ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሄራን፣

ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። የሬድዮ ጠጋኝ ጆሮ ታውቂያለሽ። ሬድዮ ዝም ሲል ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ፤ ባትሪው አልቆ ዝም የሚል አለ፣ ውስጡ የተቃጠለ ነገር ኖሮ ዝም የሚል አለ። ሁለተኛው ይሸታል። የየካቲቱ ደብዳቤሽ ሸቶኛል። ተሳድበሽ እንኳ አልጻፍሽም፤ «ልጅዎ» ማለቱንም ትተሽዋል። ማን ገንዘብ ጠየቀሽ? ፎቶ ነበር የተጠየቅሽው።

እንግዳ ሰው የወጣ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። ባለፈው ሐሙስ መጡ። ሁሉም እንደኔ ሰደርያ ለብሰዋል፤ የእነሱ በልካቸው ነው እንጂ። የጎርቤ ሰው ለምዶኝ ስለነበር የእኔ ጓደኞች መስለውት «ፍቅሬ የት ቀረ?» እያለ በሰላምታ ነው የተቀበላቸው። ቆሎም አቅርበውላቸዋል። እነሱ ዛፍ ለዛፍ እየሄዱ ቀይ ቀለም ቀብተው ወረዱ።

በማግሥቱ ወጣሁ። ቀለሙ የእትዬ ገበያነሽን አጥር ሳያይ ገብቷል። ዝግባው በደረቱ ላይ ቀይ መቀነት ታጥቋል፤ የቀለም ጠብታ ከሥሩ ባለው መቃብር ላይ ወርዷል። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ነው የደረስኩት።

«ይህ ቀይ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ክትባት ነው» አልኳት። «ዛፉን ከበሽታ ይጠብቀዋል።»

አመነችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድባት አንድ ቀን አምናኝ አታውቅም፤ የዚያን ቀን አመነችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀልድ አልመጣልኝም።

የይልማ ዶሮ ቤት አጠገብ ያለው ዛፍ አልተቀባም። ለምን? እንዳትዋሺኝ። መራራም ቢሆን ንገሪኝ፤ አጎትሽ ነኝ።

ፍቅሬ


ኔዘርላንድ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሌላ ምርቃት ከአፌ አልወጣም አለኝ።

ጥር ላይ የዕቅዱ ባለቤቶች ረቂቄን ጠየቁ። ገና ነው አልኩ። አለቃዬ «ያለሽን ስጪያቸው፣ ረቂቅ መሆኑን ያውቃሉ» አለኝ። ከመላኬ በፊት ቀስቱን እንደገና ዝግባው ላይ አደረግሁ። ዓመቱ አልወጣም አልኩ። ረቂቅ አይደል፣ በሰኔ ይስተካከላል አልኩ። ላክሁት።

ረቂቁን አጸደቁት። ቀዩ መስመር የተሰመረው በእኔ ካርታ ላይ ነው። በጓሮው ላይ የተጻፈው «ዋና መተላለፊያ፤ ነዋሪ የለም» ይላል። ዋና መተላለፊያ ያሰኘሁት እኔ፣ ነዋሪ የለም ያሰኘሁት እኔ። የይልማ ዶሮ ቤት ግን ነጥብ አለው፤ አልሰረዝኩትም ነበር፤ ሳየው ስለሚያስቀኝ ትቼው ነበር። መስመሩ ተጠምዝዞ እሱን ትቶት አልፏል።

ጽፌላቸዋለሁ፣ ደውያለሁ። እዚያ ቤት አለ፣ የአጎቴ ሚስት ቤት ነው አልኩ። ምስሉ ምን ይላል አሉኝ። ምስሉ ደን ነው የሚለው። ዘመድሽ ስለሆኑ ነው አሉኝ። አለቃዬም ቢሆን ቀና ብሎ አያየኝም። ለእትዬ ገበያነሽ ምስሉን ያልላክሁት ለዚህ ነው፤ መስመሩ ሳይታይ ልልክላቸው አልቻልኩም፤ መስመሩን አጥፍቼ መላክ ደግሞ ሌላ ውሸት ሆነብኝ።

አንድ መንገድ ቀርቷል። ባለቤቲቱ ራሳቸው በራቸው ላይ ቆመው ነጥብ ከተወሰደ፣ ፎቶ ከተነሱና ቀበሌው ካረጋገጠ፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ እንቀበላለን ብለዋል። ከዚያ በኋላ አይሆንም።

ሚያዝያ ማለት ዓመቱ ሳይወጣ ማለት ነው። ለልጅዎ ያለቀሱበትን ቤት ያስቆጥሩ ብዬ መጠየቅ እኔ አልችልም፤ በስልክ ልነግራቸው ሞክሬ ድምፃቸውን ስሰማ ስለ ጤናቸው ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። እርስዎ ይችላሉ?

ልጅዎ ለመባል ያፈረችው ሄራን


ሐዋሳ፣ ቱላ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄራን፣

ልጄ ነሽ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ቀሪው የሚጻፍ ከሆነ ከዚህ በኋላ ነው። አምላክ ልብሽን ያሳርፈው። ነጥቡን ኪሱ የከተተው እኔ ነኝ፤ ላንቺ ብቻ የሚተርፍ ጥፋት የለም፤ እኩል እንካፈለዋለን።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወደ ጎርቤ ወጣሁ። ሰደርያውን እቤት ትቼ ነው የሄድኩት። እትዬ ገበያነሽ እንሰቱን ስትኮተኩት አገኘኋት። ሠርታ እስክትጨርስ ጠበቅኋት፤ ከጨረሰች በኋላም ጠበቅሁ። ስለ ዝናቡ አወራሁ። ስለ ጉሬዛዎቹ አወራሁ፤ አንዷ ግልገል ወልዳለች፣ ግልገሉ ነጭ ነው፤ በዋንዛው ላይ እናቱ ሆድ ላይ ተለጥፎ ሲያልፍ አየሁት። እትዬም አየችው። «ክብሩ ሲወለድ እንዲህ ይለጠፍ ነበር» አለች። በዚህ ላይ ምን ብዬ ልቀጥል? ወረድኩ።

ሁለተኛ ሄድኩ። አሁንስ እናገራለሁ ብዬ ቃሉን በመንገድ ላይ ስለማመድ ነው የወጣሁት።

«እትዬ፣ በርሽ ላይ ቁሚልኝና ፎቶ ላንሳሽ» አልኳት።

«በዚህ ጥቁር ልብስ?»

«በእሱው።»

«ምን ነካህ ፍቅሬ? ዓመቱ ይውጣና ነጭ ስለብስ ታነሳኛለህ። እስከዚያ አንተም ሰው ሁን።»

ሳቅሁ። መሳቄ ነው የሚቆጨኝ። «ካልተነሳሽ ቤትሽን ይወስዱታል» ማለት ነበረብኝ፤ ልክ እንደ ሁልጊዜው ሳቅሁና ወጣሁ። እሷም እስከ አጥሩ ሸኘችኝ፤ ከአጥሩ አንድ እርምጃ አላለፈችም።

ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ተደብቄ ነጥቡን ልውሰድና እሷን የምትመስል ሴት በር ላይ ላቁም አልኩ። አጎትሽ እንደዚህ ያለ ተንኮል አያጣም። ነገር ግን የሌላ ሴት ፎቶ በእሷ በር ላይ ቢቆም፣ ያኔ በእውነት ነዋሪ የለም ማለት ይሆናል። ተውኩት። ፓስተሩን አማከርኳቸው። «ወግ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ንገራት» አሉኝ። «እንግዲያው አብረን ሄደን ይንገሯት» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ቅዳሜ እንሂድ» አሉ።

ስለዚህ ቅዳሜ እንሄዳለን። ወሩ ገና አላለቀም፤ ቅዳሜ ሩቅ አይደለም። እነግራታለሁ። ክትባት ነው ያልኳት ቀለም ምን እንደሆነ እነግራታለሁ፤ ትጣላኝ፣ ትርገመኝ፤ በሯ ላይ ትቁምልኝ ብቻ። አንቺም እስከዚያ ምስሉን ላኪልኝ፤ መስመሩም ይኑርበት። ከእንግዲህ ያለ መስመሩ የምናሳያት ነገር

ቆዪ፣ በር ተንኳኳ።

ሄራን፣ ይህን የምጽፈው እሷ ጻፍ ብላኝ ነው። የመጣችው እትዬ ገበያነሽ ናት። ከቀብሩ ወዲህ ከአጥሯ ያልወጣችው ሴት ከጎርቤ ቱላ ድረስ በእግሯ መጥታ በሬ ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ የክብሩን ጫማ ይዛለች፤ በሌላው የቤቷን ቁልፍ። ግቢ ብላት አልገባም አለች። ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ሰደርያ ነው የምታየው።

«እንዳንተ የለበሱ ሰዎች ጠዋት መጡ» አለችኝ። «ወረቀት ዘርግተው አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ወረቀቱን አዩ። 'እዚህ ቤት የለም' አሉኝ። ደጄ ላይ ቆመው ነው እንዲህ የሚሉኝ። ከዚያ የጣራዬን ቆርቆሮ አወረዱት።»

«እስከ ወር መጨረሻ ነበር እኮ» አልኳት።

«ታውቅ ነበር?»

ሰደርያውን ከምስማሩ አውርጄ ከአልጋው ሥር ወረወርኩት። ያን ጊዜ ገብታ ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጫማውን ጭኗ ላይ አደረገች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየች።

«ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለሄራን።»

«ከሰማይ የምታየን እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«እንግዲያው ጻፍላት» አለች። «ቁጠረኝ፤ አንድ ብለህ ጻፍ።»